የልጃችንን ፆታ ቀድመን እንወቅ ወይስ አንወቅ? ከሁለት እርግዝና ያየሁት

ሰሞኑን ሁለት እርጉዝ ጓደኞቼ በተለያየ ቀን አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ «አንቺ ፆታውን ቀድመሽ አውቀሽ ነበር? የቱ ይሻላል?» ብለው። በስልክ ልመልስላቸው ብዬ ነገሩ እየረዘመ ሄደብኝ፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልፃፈው አልኩ፣ ሌላም የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም። ሁለት ልጆች አሉኝ። በመጀመሪያዋ ፆታውን እናውቃለን ብለን ነበር፣ ሁለተኛውን ሳናውቅ ነው የወለድነው። ሀኪም አይደለሁም፣ ያለፍኩበትንና ስከታተል ዶክተሮች ያስረዱኝን ነው የምናገረው።

የመጀመሪያዋን ሳረግዝ፣ 2010 ክረምት ላይ፣ 15 ሳምንት አካባቢ ሆኜ ሆዴን ቆረጥ ቆረጥ አረገኝና ደንግጬ ሰፈራችን ያለ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ባለቤቴ ስራ ላይ ነበር፣ ብቻዬን ነኝ። ያየኝ ሰውዬ ጄሉን ቀብቶ በአልትራሳውንድ ትንሽ ካየ በኋላ ልቡ ይመታል ሁሉ ሰላም ነው አለኝ፣ እኔ እፎይ ብዬ ገና እንባዬን ስጠርግ ሳልጠይቀው «ወንድ ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። በቃ። እንወቅ አንወቅ ብለን ከባለቤቴ ጋር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም ነበር። ያን ጊዜ ደስ ነው ያለኝ፣ አልዋሽም፣ ገና ከክሊኒኩ በር ሳልወጣ ለባለቤቴ ደወልኩ፣ እሱ ደብረ ማርቆስ ላሉት እናትና አባቱ ደወለ፣ እኔ ለእማዬ፣ እማዬ ለእህቶቿ፣ ማታ ላይ አሜሪካ ያለችው ታላቅ እህቴ ራሷ ደውላ «ወንድ ነው አሉ!» አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ባለች ጊዜ ውስጥ ዘመድ ሁሉ ሰማ።

ያኔ ያላወቅኩትን አሁን ልንገራችሁ። እስከ 12 ሳምንት ገደማ የወንዱም የሴቷም ብልት በአልትራሳውንድ ሲታይ ይመሳሰላል። ከዚያም በኋላ ቢሆን 14፣ 15 ሳምንት ላይ ፅንሱ ገና ትንሽ ነው፣ እግሩን ገጥሞ ሊተኛ ይችላል፣ እትብቱ በእግሮቹ መሀል አልፎ ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል፣ የሽርት ውሃው መጠን፣ የእናትየው ሰውነት፣ የማሽኑ ጥራት፣ የሚያየው ሰው ልምድ ሁሉም ይወስነዋል። ደህና አድርጎ የሚታየው ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ እሱም ቢሆን አንዳንዴ ይሳሳታል። 15 ሳምንት ላይ በ5 ደቂቃ የተባለ ነገር ይዞ አገር ምድሩን መጥራት ልክ አልነበረም፣ ግን ማን ነግሮኝ። በ8ኛው ወር ሌላ ቦታ ድጋሚ ስታይ ደሞ ስለ ፆታው ማንም አላነሳም፣ እኔም እናውቀው የለ ብዬ አልጠየቅኩም።

አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ በስልክ ስም አወጡ፣ የሞተ ታናሽ ወንድማቸውን ስም። ባለቤቴ ለአባቱ እምቢ ማለት አልሆነለትም፣ ስሙም ጥሩ ስም ስለነበር እኔም ተስማማሁ። ከዛ ሆዴን በስሙ መጥራት ጀመርን። ማታ ማታ ባለቤቴ ሆዴ ላይ እጁን አድርጎ «እንዴት ዋልክ» ይለዋል። ክርስትናውም ተቆጠረ፣ ወንድ በ40 ቀኑ ነው የሚጠመቀው፣ የመውለጃዬ ቀን ጥር መጀመሪያ ስለነበር 40ው የካቲት አጋማሽ ላይ ይውላል፣ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ማለት ነው። አማቼ በግ እኔ ነኝ የማመጣው አሉ፣ ከጎጃም የሚመጡት ዘመዶች ቀኑን ያዙ።

የወለድኩት ጥምቀት 5 ቀን ሲቀረው ነው። ምጡ ከለሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮኝ ረፋድ ላይ ተገላገልኩ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከሳምንት በፊት ነበር ቅቤውን የገንፎ ዱቄቱን ይዘው የመጡት፣ ለሊቱን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ ቆመው «ማርያም ማርያም» ሲሉ ይሰማኛል። አዋላጇ ልጄን ብድግ አድርጋ «ሴት ናት» አለች። እኔ መጀመሪያ ለሌላ ሰው የምታወራ መስሎኝ ነበር። አንዷ ሲስተር በሩን ከፍታ «በሰላም ተገላግላለች» ስትላቸው አማቴ እልልታውን ለቀቁት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት። በነሱ አገር ለወንድ 7 ነው ለሴት 3። ሶስተኛው ላይ ሲስተሯ «ሴት ናት ያገኘችው» ስትል ሰማኋት። እልልታው እዛው ላይ ቆመ። በህይወቴ እንደዛ የከበደኝ ዝምታ የለም። ልጄ ደረቴ ላይ ነበረች፣ እርጥብ ፀጉሯ አገጬን ይነካኛል፣ አንድ እጇን ጨብጣ ጉንጬ ላይ አድርጋዋለች፣ እኔ ደሞ እሷን ከማየት በሩን አያለሁ።

አማቴን እንዳትቀየሙብኝ። ገብተው ግንባሬን ስመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው እስከ 80 ቀኗ ድረስ እንደሳቸው አድርጎ ያረሰኝ ሰው የለም። ግን የሆነ ነገር ነበር፣ ሁላችንም ላይ። ባለቤቴ ለአባቱ ሲደውል ድምፁን ቀንሶ እንደ መርዶ ነው የነገራቸው። ስሙ ወደቀ። ክርስትናው ወደ 80 ሲዘዋወር መጋቢት መጨረሻ ጾም ውስጥ ገባ፣ በጉ ቀረ፣ ግማሹ ዘመድ ቀረ፣ ድግሱ በሽሮና በአዚፋ ሆነ። ይሄ ሁሉ ምንም አይደለም፣ የጾም ድግስ ነውር የለውም፣ ግን ለልጄ ክርስትና የመጣ ሰው ሁሉ «አይ፣ ወንድ ነው ብለው እኮ ነበር» እያለ ነበር ወሬውን የሚጀምረው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ደሞ የራሴ ነው፣ ለ5 ወር በስሙ እየጠራሁ ያወራሁት ልጅ የሄደብኝ ያህል አዝኜ ነበር። ልጄን ታቅፌ የሌለ ልጅ ናፈቀኝ። ለማን ይነገራል እንዲህ ያለ ነገር? ለ2 ወር ያህል ለማንም አልተናገርኩም። እንደዚህ የሆናችሁ ካላችሁ ክፉ እናት ስለሆናችሁ አይደለም፣ ተናገሩት፣ ለእህትም ለነርስም፣ ሲናገሩት ይቀላል።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ጣልቃ ላስገባ። በዛ ሰሞን አንድ ዘመድ «ግድ የለም የሚቀጥለውን ወንድ ውለጂለት» አለችኝ። ፆታውን የሚወስነው የአባትየው ዘር ነው። ከእናት ሁሌም ኤክስ የሚባለው ክሮሞዞም (ዘር ተሸካሚ) ነው የሚመጣው፣ ከአባት ኤክስ ከመጣ ሴት፣ ዋይ ከመጣ ወንድ። ሴት ብቻ ትወልዳለች ተብላ የምትሰደብ፣ ሌላ የሚመጣባት ሴት በየሰፈሩ አለች፣ እና ይሄን ቀላል ነገር ለባሎችም ለአማቶችም በግልፅ መንገር ያስፈልጋል፣ አባትየውንም ለመውቀስ አይደለም፣ እሱም መርጦ የሚልከው ነገር የለም።

ሁለተኛውን ሳረግዝ ታዲያ ገና ከመጀመሪያው ቀን «አላውቅም፣ አልፈልግም» አልኩ። ባለቤቴ ግን ተቃራኒውን ሆነ። የሱ ሀሳብ፣ ችግሩ ማወቃችን ሳይሆን በስህተት ማወቃችን ነው፣ አሁን በደንብ በ20 ሳምንት በጥሩ ሀኪም ታይተን እርግጡን ይዘን እንዘጋጅ፣ ቤተሰቦቼም ከመውለድሽ በፊት ይልመዱት፣ ያን ቀን የሆነው ነገር ማዋለጃ ክፍል በር ላይ እንዳይደገምብሽ ነው የሚለው። እውነት ለመናገር ጥሩ ሀሳብ ነው። ብዙ ማታ አወራንበት፣ አንዳንዴም ተኮራረፍን። አሜሪካ ያለችው እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ እሷ ደሞ ሁለቱንም ልጆቿን በደም ምርመራ በ10ኛው ሳምንት ነው ያወቀችው። የፅንሱ ዘረመል ትንሽ ትንሽ ከእናትየው ደም ውስጥ ስለሚገኝ ከክንዷ ደም ቀድተው ያዩታል፣ ዋናው አላማው ዳውን ሲንድረምና መሰል የዘረመል ችግሮችን ለመፈተሽ ነው፣ ፆታው አብሮ ይወጣል፣ ከአልትራሳውንድ በጣም ቀድሞ። እሷ «እንዴት ሳታውቂ 9 ወር ትቆያለሽ፣ እኔ አብድ ነበር» ነው የምትለኝ።

ያቺን እህቴን አንድ ቀን «ካወቅሽ በኋላ ምን አደረግሽበት?» አልኳት። ዝም ብላ አሰበችና ክፍል ቀባን፣ ልብስ ገዛን፣ ስም አወጣን አለች። እነሱ ሁለት ናቸው፣ ቤተሰብ ሩቅ ነው፣ ዜናውን ሲፈልጉ ይናገራሉ ሳይፈልጉ ይይዙታል። የኔ ግን እንደዛ አይደለም፣ እኔ ጋ ዜናው ባለቤቱ ብዙ ነው። ነገሩ እዛ ላይ ነው የገባኝ። ማወቅ አለማወቅ ብቻውን ጥያቄ አይደለም፣ ካወቅነው ማን ይሰማዋል፣ ሲሰማስ ምን ያደርግበታል የሚለው ነው። ይሄን ለባለቤቴ እንደዚህ ብዬ ስነግረው ነው ክርክሩ ያለቀው፣ «እኔና አንተ ብቻ አውቀን ለእናትህ ሳትነግር 4 ወር ትቆያለህ?» አልኩት፣ ትንሽ አሰበና «አልችልም» አለኝ። ከዛ ላለማወቅ ተስማማን። የናንተ ባል ይችል ይሆናል፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

ደሞ ማወቅ የጠቀማት ሰው አውቃለሁ። ጓደኛዬ እናቷ በሞተች በዓመቷ ነው ያረገዘችው፣ ሴት እንደምትሆንና በእናቷ ስም እንደምትጠራት እርግጠኛ ነበረች። በ5ኛው ወሯ ወንድ ነው ሲሏት ሁለት ሳምንት አለቀሰች፣ ስራ እንኳን አልገባችም። ስትወልድ ግን ልቅሶዋን ጨርሳ ነበር፣ ልጇን ስታየው እሱን ራሱን ነው ያየችው። እኔ ካለፍኩበት ጋር ሳነፃፅረው እሷ እድለኛ ነበረች እላለሁ። ስለዚህ አንዱን ፆታ አጥብቃችሁ የምትፈልጉ ከሆነና ይሄን ለራሳችሁ ማመን ከቻላችሁ፣ ቀድሞ ማወቁ የሚሻል ይመስለኛል። በወንድ ልጅ ላይ በብዛት የሚታይ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ቤተሰብ ውስጥ ካለ፣ ለምሳሌ ደም ያለመርጋት ችግር፣ ያኔ ፆታውን ማወቅ ለሀኪሙም ስለሚጠቅም እሱን ከዶክተራችሁ ጋር ነው የምትወስኑት።

በተቃራኒው ደሞ ቤት ውስጥ «ሴት ከሆነች ወዮልሽ» የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ ፆታው ለማንም እንዳይነገር ሀኪሙን ለብቻችሁ ሆናችሁ ለምኑት። ህንድ ሀገር የተማረች ጓደኛ አለችኝ፣ እዛ የፅንስ ፆታ መናገር በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ህግ ክልክል ነው፣ አልትራሳውንድ በሚሰራበት ክሊኒክ ሁሉ ፆታ አንናገርም የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ግዴታ ነው፣ እሷም ስታረግዝ እዛ ስለነበረች ሳታውቅ ነው የወለደችው። ህጉ የወጣው ሴት መሆኗ ሲታወቅ ብዙዎች ያስወርዱ ስለነበር ነው። ይሄን ስትነግረኝ ያ ሰውዬ ሳልጠይቀው «እንኳን ደስ ያለሽ» ያለኝ ትዝ አለኝ። ሴት ናት ብሎ ቢያስብ ኖሮ ይለኝ ነበር?

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ሐምሌ 2016 ላይ 20 ሳምንቴን ሞላሁና የአልትራሳውንድ ቀጠሮዬ ደረሰ። ይሄን ምርመራ ብዙ ሰው የፆታ ምርመራ ያደርገዋል፣ አይደለም። የአለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ትታይ ነው የሚለው፣ የእርግዝናውን እድሜ ለማወቅ፣ መንታ መሆን አለመሆኑን፣ የአካል ችግር ካለ ለማየት። 20 ሳምንት ላይ ልብ፣ አንጎል፣ ኩላሊት፣ ጀርባ፣ እንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ፣ ሁሉም ይታያል። ዶክተሯን ገና ሳልተኛ፣ ጫማዬን እያወለቅኩ «ዶክተር፣ ፆታውን ማወቅ አንፈልግም፣ ካርዱም ላይ አይፃፍ፣ እግሩ ጋ ሲደርሱ ይንገሩን ፊታችንን እናዞራለን» አልኳት። ሳቀችና እሺ አለች። እውነትም እዛ ጋ ስትደርስ ስክሪኑን ወደራሷ አዞረችው። በጣም ተጠነቀቀች። ከዛ ጭንቅላቱን ለመለካት ስትሞክር ልጁ እየተገለባበጠ አስቸገራትና «እዪዋት፣ አላስለካ አለችኝ እኮ!» አለች።

እዪዋት። አለችኝ። ባለቤቴ እጄን ጨመቅ አደረገኝ።

አማርኛችን ለዚህ ነገር አይመችም። እሱ ወይም እሷ ሳይሉ ስለ አንድ ልጅ ማውራት ይከብዳል፣ ግሱ ራሱ ይናገራል፣ ረገጠ ወይ ረገጠች፣ ተኝቷል ወይ ተኝታለች። ሚስጥር የያዘ ሰው ስንት ጊዜ በአንዲት ፊደል ይጋለጣል። ግን ደሞ አማርኛችን ትንሽንና ደስ የሚልን ነገር ሁሉ በሴት ይጠራል፣ እማዬ የ30 ዓመት ወንድሜን ስታቆላምጠው «አንቺ ልጅ ነይ ብዪ» ትለዋለች። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ ባለቤቴ «ሴት ናት በቃ» ሲል እኔ «ማቆላመጧ ነው» ስል ቤት ደረስን። 4 ወር ተኩል እንደዛው ቆየን፣ እሱ ሴት ናት ብሎ፣ እኔ አላውቅም ብዬ። የሚገርመው እሱ ሴት ናት ብሎ ማሰቡ ጠቀመው፣ ቀስ እያለ «ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ» ማለትን ብቻውን ሲለማመድ አይቼዋለሁ፣ ለእናቱ ግን አልነገረም፣ እርግጠኛ ስላልነበረ።

ሰው ሳያውቁ መቆየትን አይወድም፣ ይሄን እወቁት። መስሪያ ቤት «አውቃ ነው የደበቀችን» የሚሉ ነበሩ፣ አንዷ ጓደኛዬ ጄንደር ሪቪል (የፅንሱ ፆታ የሚገለጥበት ድግስ) ልታዘጋጅልኝ አስባ ስለነበር በጣም ከፋት። ሆዴን እያየ የሚፈርደው ደሞ ብዛቱ፣ ሾጠጥ ብሏል ወንድ ነው፣ የለም ጎኗ ሰፍቷል ሴት ናት፣ ማዲያት ስላወጣሁ ሴቷ ውበቷን ወሰደችባት። የሆድ ቅርፅ ከፅንሱ አቀማመጥ፣ ከሆድ ጡንቻና ስንተኛ ልጅ እንደሆነ ጋር ነው የሚያያዘው፣ ማዲያቱም የእርግዝና ሆርሞን ነው፣ ለወንድም ለሴትም ይወጣል። አማቴ በየሳምንቱ እሁድ ይደውሉልኛል፣ «ምንድን ነው አሉሽ እናቴ?» ይላሉ። «ጤና ነው አሉኝ እማማ» እላለሁ። መጀመሪያ ቅር ይላቸው ነበር። እያደር እሳቸውም «ጤና ነው አሉ?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ፣ ከዛም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው ይዘጋሉ። ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ ይሄን መልስ ነው የምመክረው፣ ውሸትም አይደለም፣ ክርክርም አያስነሳም።

ልብሱ እንደሚያስፈሩት ከባድ አይደለም። ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ገዛሁ፣ የትልቋን ብርድ ልብሶችና ቱታዎች አጥቤ አወጣሁ፣ ሮዙንም ጭምር፣ የአንድ ወር ልጅ ቀለም አይመርጥም። ስም ሁለት አዘጋጀን። ክርስትና 40 ወይ 80 የሚለውን ለማንም ቀን አልሰጠንም፣ አማቼም በግ አላሰቡም።

የልጄ ነገር ነው ደስ የሚለው። 6 ሊሞላት ነበር፣ «ሆድሽ ውስጥ ያለው አንተ ነው አንቺ ነው?» አለችኝ። አላውቅም ስላት ራሷ መላ ዘየደች፣ አንድ ቀን አንተ አንድ ቀን አንቺ። ጠዋት ተነስታ ሆዴን ትስምና «ዛሬ አንቺ ነሽ» ትለዋለች። ቀኑ ከተምታታባት ታኮርፋለች። የ5 ወሩን የተሳሳተ ስም ሳስብና ይሄን ሳይ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ህዳር 2017 መጨረሻ ላይ ወለድኩ። አሁንም አማቴ ኮሪደሩ ላይ፣ አሁንም ማርያም ማርያም። አዋላጇ «ወንድ ነው» ስትል እኔ መጀመሪያ የጠየቅኩት ለምን አያለቅስም ነው፣ ከዛ አለቀሰ። ባለቤቴ ሴት ናት ብሎ ስለጠነከረ ግራ ገብቶት ዞር ዞር ይል ነበር። ውጪ እልልታው ተነሳ፣ ሰባት። ሳልፈልግ ቆጠርኩት። ደስ አለኝ፣ ደስ ማለቱ ደሞ አመመኝ፣ ሁለቱም እኩል።

ቤት ስንገባ በር ላይ ድጋሚ እልል ተባለ፣ ጎረቤቱም አማቴም እማዬም። ልጄ ቀሚሴን ይዛ ቆማ ስታይ ቆየችና «ለእኔም እንዲህ ብዙ ብላችሁ ነበር?» አለች። ቤቱ ፀጥ አለ። እኔ አፌ ተያያዘ። አማቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧት፣ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና «ላንቺ ሶስት ብዬ ነው የቆምኩ የኔ እመቤት፣ አራት ቀርቶብኛል» አሏት። ከዛ እየቆጠሩ በጣቶቿ እያስቆጠሯት አራቱን ጨረሱት። ድምፃቸው ሻክሮ ነበር፣ የመጨረሻዋ በደንብ አልወጣችም። ልጄ ግን ቆጥራለች፣ አሁንም ለሰው ትናገራለች።

ዶክተሯን ከወለድኩ በኋላ ለቼክአፕ ስሄድ ስለዛ «አለችኝ» ጠየቅኳት። «እኔ እኮ ሆድ ውስጥ ያለን ሁሉ በሴት ነው የምጠራው» አለችኝ። ስለዚህ ማወቅ የማትፈልጉ ሰዎች ለሀኪሙ ፆታውን አትንገረን ከማለት በተጨማሪ «ፅንሱ» እያለ እንዲያወራ ንገሩት፣ ወይ ሰምታችሁ እንዳልሰማ እለፉት። ማወቅ የምትፈልጉ ደሞ ከ18 ሳምንት በፊት የተነገራችሁን ለማንም አትናገሩ፣ በኋላም በሚቀጥለው ምርመራ «እርግጠኛ ነዎት?» ብላችሁ ድጋሚ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ከሁሉ በፊት ግን ሁለታችሁ ቤት ውስጥ፣ ጄሉ ሆድ ላይ ሳይፈስ፣ ተነጋገሩ፣ ለማን እንደምትነግሩም ጭምር፣ እኔ ያኔ ያን ንግግር ባደርግ ኖሮ ብቻዬን ሆኜ ከክሊኒክ በር ላይ አልደውልም ነበር።

ከሁለቱ ጓደኞቼ አንደኛዋ ላለማወቅ ወስናለች። ሌላኛዋ ከባሏ ጋር ተመካክረው እንወቅ ብለው ባለፈው ሳምንት በ21 ሳምንቷ ታየች። ማታ ደወለችልኝ። እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል ተብላ ደንግጣ ነበር፣ ብዙዎቹ ማህፀኑ እያደገ ሲሄድ ከፍ እንደሚሉና በ32 ሳምንት ድጋሚ እንደሚያዩዋት፣ እስከዛ ደም ካየች ወዲያው እንድትሄድ ነግረዋታል። ልብ ኩላሊት ሁሉም ደህና ነው። «ፆታውስ?» አልኳት። ሊጠይቁ ነበር የሄዱት፣ ስለ እንግዴ ልጁ ሲያወሩ ሁለቱም ረስተውት ወጡ። በ32 ሳምንቷ አብሬሽ እሄዳለሁ ብያታለሁ።